መርቶ የተሸነፈ ሁሉ አላበቃለትም፦ ስለ ሮጀር ፌደረር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ገና መግባቱ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ዝናብ ያስጠለለው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። የእግር ኳስ ጨዋታ ስላልነበረ የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ተከፍቶልናል። ስዊዘርላንዳዊው ሮጀር ፌደረር ፈረንሳዊውን ጆ ዊልፍሬድ ሶንጋን 6 ለ 3 እና 7 ለ 6 ረትቶ፣ ለማሸነፍ ከሚያስፈልጉት ሦስት ዙሮች ሁለቱን ወስዶ ሁለት ለዜሮ ሲመራ ግማሹ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። የቀረነው ሰዎች ሦስቱን ተከታታይ ዙሮች 6 ለ 4፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 ሲሸነፍ አየን። ሶንጋ በአውራ ጣቶቹ ጀርባውን እየጠቆመ ሲዘል አጠገቤ የነበረው ሰውዬ የማኪያቶ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ «በቃ፣ አብቅቶለታል፤ ጫማውን ይስቀል» አለ።

ይህን አባባል ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደሰማሁት! በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ይበዛበታል። ነገር ግን ዛፉ ያን ቀን አልወደቀም ነበር። ስለዚያ ጨዋታ ዛሬም ድረስ የሚባለውን ነገር አንድ በአንድ ላንሳው። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የሶንጋው ጨዋታ በዚያ አቆጣጠር 2011 ላይ ይውላል።

«ፌደረር ከዚያ በፊት ሁለት ለዜሮ መርቶ ተሸንፎ አያውቅም»

በአራቱ ግራንድ ስላሞች፣ ማለትም በቴኒስ ትልልቆቹ አራት ውድድሮች፣ ከሆነ እውነት ነው። ሁለት ለዜሮ የመራባቸውን 178 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ነበር፤ የሶንጋው 179ኛው ነው። ከግራንድ ስላም ውጭ ግን ደርሶበታል። በ2003 በአገሮች ውድድር፣ በዴቪስ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሜልቦርን ላይ ሌይተን ሂዊት ከሁለት ለዜሮ ተነስቶ አሸንፎታል። በ2005 መጨረሻ ደግሞ ሻንጋይ ላይ በዓመቱ መዝጊያ ውድድር፣ በማስተርስ ካፕ ፍጻሜ ዳቪድ ናልባንዲያን ይህንኑ ደገመበት።

ከእነዚያ ሽንፈቶች በኋላ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ከሂዊት በኋላ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ። ከናልባንዲያን በኋላ የመጣው 2006 ደግሞ 92 ጨዋታ አሸንፎ 5 ብቻ የተሸነፈበት፣ ሦስት ግራንድ ስላም የወሰደበት ዓመት ነው። ያኔ ማንም ጫማ ስቀል አላለውም፤ ገና ወጣት ስለነበር ብቻ።

«ያሸነፈው ማንም የማያውቀው ተጫዋች ነው»

ሶንጋ በ2008 የአውስትራሊያ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ላይ ስፔናዊውን ራፋኤል ናዳልን ጠራርጎ ለፍጻሜ የደረሰ ተጫዋች ነው። በ2011 ዊምብልደን የገባውም በ12ኛ ደረጃ ተመድቦ ነው። አባቱ ከኮንጎ ብራዛቪል ስለሆኑ ካፌው ውስጥ «የኛ ልጅ» እያለ የሚደግፈው ብዙ ነበር።

«ፌደረር ልቡ ከዳው፤ ጨዋታውን እሱ ራሱ ጣለው»

እኔም እንደዚያ አምኜ ነው የወጣሁት። በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ስሄድ አሠልጣኛችን ጋሼ ዝናብ ያረጠበውን የሸክላ ሜዳ እየጠረገ አገኘሁት። ልጅ ሳለ በዚያው ሜዳ ኳስ ሲለቅም ያደገ ሰው ነው።

«ፌደረር የሶንጋን ሰርቭ ስንቴ ሰበረው?» አለኝ። ሶንጋ ኳስ እያስጀመረ ከተጫወታቸው ጌሞች፣ ማለትም ዙሩ ከሚቆጠርባቸው አጫጭር ጨዋታዎች፣ ስንቱን ነጠቀው ማለቱ ነው።

«አንዴ፣ ገና ጨዋታው እንደተጀመረ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ዝም አልኩ፤ ከዚያ በኋላ አልሰበረውም። ጋሼ እርጥቡ ሸክላ ላይ በተረከዙ ሦስት መስመር አሰመረ። «አንተ ውድቀት የምትለው ይሄው ነው» አለኝ። በሦስቱም ዙር ሶንጋ ከፌደረር የነጠቀው አንድ አንድ ጌም ነው፤ የራሱን ሰርቭ ደግሞ አላስነካም። አንድ ሰው እንደዚያ ሰርቭ ሲያደርግ በሌላኛው ጫፍ የቆመው የቱንም ያህል ቢጫወት በእያንዳንዱ ዙር የሚጠብቀው አንዲት ስንጥቅ ናት። ስንጥቋ ለፌደረር አልተከፈተችም። ያንን «ልቡ ከዳው» ማለት የሶንጋን ሥራ መንጠቅ ነው፤ ይህ አባባል እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

«ብዙ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ ተበልጧል»

በቴኒስ እንዲህ አይደለም። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ፌደረር 218 ነጥብ፣ ሰርቢያዊው ኖቫክ ጆኮቪች 204 ነጥብ አገኙ፤ ዋንጫውን ጆኮቪች ወሰደ። ፌደረር በአምስተኛው ዙር 8 ለ 7 እየመራ፣ በራሱ ሰርቭ ሁለት የዋንጫ ነጥብ በእጁ ነበር። በ2024 ለዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ሲናገር እንደገለጸው በነጠላ ከተጫወታቸው 1526 ጨዋታዎች ወደ 80 በመቶ የሚጠጋውን አሸንፏል፤ ከተጫወታቸው ነጥቦች ያሸነፈው ግን 54 በመቶውን ብቻ ነው። እኔ ይህን ቁጥር ስሰማ የሶንጋው ጨዋታ ትዝ አለኝ። በጣም ትንሽ ብልጫ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል።

«30 ዓመት ሲሞላ አለቀ»

ያን ቀን 30 ሊሞላው አንድ ወር ከምናምን ቀርቶት ነበር። በጳጉሜን በዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ እንደገና ሁለት ለዜሮ መርቶ፣ ሁለት ማች ፖይንት (ጨዋታውን የሚዘጋ ነጥብ) አምልጦት በጆኮቪች ሲሸነፍ ሐሜቱ ባሰ። በኅዳር ለንደን ላይ የዓመቱን መዝጊያ ውድድር ፍጻሜ አሸነፈ፤ የተሸነፈለት ያው ሶንጋ ነው። በ2012 ዊምብልደን በሦስተኛው ጨዋታው በፈረንሳዊው ዡልየን ቤኔቶ ሁለት ለዜሮ ተመርቶ አምስተኛውን ዙር 6 ለ 1 ጨረሰ፤ ዋንጫውንም አነሳ፤ ወደ ቁጥር አንድም ተመለሰ። በ2018 የአውስትራሊያ ኦፕንን ወስዶ 20ኛ ግራንድ ስላሙን ሲያገኝ ዕድሜው 36 ነበር።

እኛ ቀነኒሳን አይተን የለ? በ2018 የአምስተርዳም ማራቶንን አቋርጦ ሲወጣ «አለቀለት» ያልነው ስንቶቻችን ነን? በዓመቱ በርሊን ላይ፣ በ37 ዓመቱ፣ 2:01:41 ሮጠ። ከዓለም ክብረ ወሰን የቀረው ሁለት ሰከንድ ነበር።

«እርጅና የሚታወቀው መርቶ በመሸነፍ ነው»

እርጅናው መምጣቱ አልቀረም፤ አመጣጡ ግን ሌላ ነው። በ2016 መጀመሪያ ለሴት ልጆቹ የመታጠቢያ ውሃ ሲያዘጋጅ ግራ ጉልበቱ ተጎዳና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ እንኳ ተነስቶ በ2017 ሁለት ግራንድ ስላም ወሰደ። በ2020 ቀኝ ጉልበቱ ሁለቴ ተከፈተ።

ከሶንጋው ጨዋታ አሥር ዓመት በኋላ፣ እንደገና በሰኔ፣ እንደገና በዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ፣ ከፖላንዱ ሁበርት ሁርካች ጋር ተጫወተ። ያሸነፈው ዙር የለም። 6 ለ 3፣ 7 ለ 6፣ የመጨረሻው ደግሞ 6 ለ 0። ወደ ኋላ የሚሄዱ ኳሶችን ሁለት እርምጃ ሄዶ ይተዋቸው ነበር። ተመልካቹ ቆሞ ሲያጨበጭብለት እጁን አንስቶ ፈጠን ብሎ ወጣ።

ማታ ጋሼ ደወለልኝ። «እግሩን አየኸው?» አለኝ።

አይቼዋለሁ አልኩት።