ክሬዲት ምንድን ነው? (ገቢ አይደለም)

«ክሬዲት ገቢ ነው፣ ዴቢት ወጪ ነው። ካላመናችሁ የባንክ መልእክታችሁን እዩ!» በቀደም ደግሞ አንዱ በሙሉ ልብ እንዲህ ሲያስተምር ሰማሁ። እኔ የሰው ደብተር ይዤ የማድር ሰው ነኝ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር የዚህ ትምህርት ጦስ የሚተርፈው ለእኔ ነው።

አምና ከሰኔ 30 በኋላ አንድ ነጋዴ ራሱ የጻፈውን ደብተር ታቅፎ መጣ። ባንክ የገባው በሙሉ በቀኝ (በክሬዲት)፣ የወጣው በሙሉ በግራ (በዴቢት)። ደምሬ ሳየው የባንክ ሒሳቡ በክሬዲት ቀረ። በገዛ ደብተሩ ለባንኩ ባለዕዳ ሆኖ አረፈው! ግራና ቀኙን ማገላበጥ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ለሰፈር ባለሱቅ 1,000 ብር ቀድማችሁ ሰጣችሁ እንበል። «ያዝልኝ፣ የወሰድኩትን እየቀነስክ።» እሱ «አለብኝ 1,000» ብሎ ይጽፋል። እናንተ «አለኝ 1,000»። ብሩ ያው ነው፣ ደብተሩ ግን ሁለት። ባንክ ማለት ይህ ባለሱቅ ነው። «ሒሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል» ሲል የራሱን ደብተር ነው የሚያነብላችሁ፤ «አለብኝ» እያለ ነው። በእናንተ ደብተር ያው ብር ዴቢት ነው፤ ሀብት ሲጨምር በግራ ይጻፋላ።

ካስቀመጣችሁት በላይ ከወሰዳችሁ ነገሩ ተገልብጦ የለመድነው ዱቤ ይሆናል። ባንክ ቤት ኦቨርድራፍት ይሉታል። ወር መጨረሻ ላይ ሁለቱ ደብተሮች ካልገጠሙስ? ወይ ባለሱቁ ሳይነግራችሁ የቀነሰው አለ፣ ወይ ወረቀት ጽፋችሁ የላካችሁት ልጅ ገና ሱቁ አልደረሰም። የእኔ እንጀራ እሷ ናት፤ የአገልግሎት ክፍያና ያልተመነዘረ ቼክ ማሳደድ።

«የሽያጭ ገቢስ ክሬዲት አይደል እንዴ?» ይለኛል ያ አስተማሪ። ነው። ዕዳም ግን ክሬዲት ነው። የ115 ብር ሽያጭ ውሰዱ፦ ባንክ ዴቢት 115፣ ሽያጭ ክሬዲት 100፣ ቫት ክሬዲት 15። አሥራ አምስቷ የመንግሥት ናት። ክሬዲት ስለሆነች ገቢ መስላው የበላት ሰው አውቃለሁ። (ይህ ለቫት ለተመዘገበ ነው፤ የግዢውንም ቫት ቀንሶ ነው የሚከፍለው።)

ዕቁብ ሲወጣላችሁም ባንኩ «ክሬዲት» ይላል። መጀመሪያ ከደረሳችሁ ገና ጥላችሁ የምትጨርሱት ዕዳ ነው። መጨረሻ ከደረሳችሁ የገዛ ብራችሁ ነው የተመለሰላችሁ።