የስፒከር ሴንሲቲቪቲ ምንድን ነው?

ስፒከር ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ያሳየዋል። ስፒከር ግን ኃይል ተቀባይ እንጂ ኃይል ሰጪ አይደለም፤ ኃይሉን የሚሰጠው አምፕሊፋየሩ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል ምን ያህል እንደሚችል እንጂ ምን ያህል እንደሚጮኽ አይናገርም። ጩኸቱን የሚናገረው ዝርዝሩ ውስጥ በትንሹ የሚጻፍ ሌላ ቁጥር ነው፤ ሴንሲቲቪቲ ይባላል።

ሴንሲቲቪቲ ማለት ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ድምፅ እንደሚያወጣ የሚገልጽ ልኬት ነው። 2.83 የተመረጠው 8 ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን መለኪያ) የሆነ ስፒከር ላይ 1 ዋት ስለሚሆን ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮች በብዛት ከ84 እስከ 87 ዴሲቤል፣ መሬት ላይ የሚቆሙት ረጃጅሞች ከ87 እስከ 91 ዴሲቤል ይደርሳሉ። ከዚህ የሚርቁም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ ለገበያ ያቀረበው፣ ክፍል ጥግ ላይ የሚቆመው ትልቁ ክሊፕሽሆርን 105 ተብሎ ይገለጻል። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለስርጭት መኪናዎቹ የነደፈው ትንሹ ኤልኤስ 3/5ኤ ደግሞ 83 አካባቢ ነው። ሁለቱን እኩል ለማስጮኽ ለትንሹ ከመቶ እጥፍ በላይ ኃይል ያስፈልጋል።

ይህን ያህል ልዩነት የሚመጣው በዴሲቤል አቆጣጠር ምክንያት ነው። የአምፕሊፋየሩ ዋት እጥፍ ቢሆን የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «ድምፁ እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል ያህል ጭማሪ ይፈልጋል፤ ያ ማለት ዋቱ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ 85 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ100 ዋት፣ 88 የሆነው በ50 ዋት፣ 91 የሆነው በ25 ዋት የሚጮኹት እኩል ነው። ስፒከር ሲመርጡ የአምፕሊፋየሩንም ወጪ አብረው እየወሰኑ ነው።

ለአንድ ሳሎን እናስላው። ስፒከሩ 85 ዴሲቤል፣ አምፕሊፋየሩ በእያንዳንዱ ቻናል 50 ዋት፣ ሶፋው 3 ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል። 50 ዋት 17 ዴሲቤል ይጨምራል፤ 102 ሆነ። የ3 ሜትር ርቀት 9.5 ያህል ይቀንሳል፤ ሁለት ስፒከር መሆናቸው ደግሞ 3 ይመልሳል። ሶፋው ላይ 95 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅም ትንሽ ይጨምርበታል። ቤት ውስጥ ሙዚቃ በብዛት የሚሰማው ከ70 እስከ 80 ባለው ነው፤ ድንገት ከፍ የሚሉት የከበሮ ምቶች ግን ከዚያ 15 ዴሲቤል ሊዘሉ ይችላሉ። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን 50 ዋት በቂ ነው፤ ጎረቤት የሚያማርረው አምፕሊፋየሩ ከመድከሙ በፊት ነው።

ቁጥሩን ሲያነቡ የሚያሳስት ነገር አለ። 4 ኦም የሆነ ስፒከር በ2.83 ቮልት የሚወስደው 1 ሳይሆን 2 ዋት ነው። «87 ዴሲቤል በ2.83 ቮልት» ከተባለ፣ በ1 ዋት ሲታሰብ 84 ነው። የተሻለ መስሎ የታየው ድርብ ኃይል ስለበላ ነው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ተጽፎ 4 ኦም ቢገጠምለት ይሞቃል፤ ቮልዩሙ ከፍ ሲል ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ የክፍሉን ነጸብራቅ ጨምረው 3 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያደርጉታል። ዝርዝሩ በስንት ቮልት ወይም ዋት እና በስንት ሜትር ርቀት እንደተለካ የማይል ከሆነ ቁጥሩን ከሌላ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ታዲያ ከፍተኛውን መግዛት ነው? አይደለም። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ ሦስቱ በአንድ ላይ አይገኙም፤ ሁለቱን የፈለገ ሦስተኛውን ይተዋል። በሙያው የሆፍማን ሕግ ይሉታል። የጫማ ካርቶን የሚያህል ስፒከር ቤዙ እየወረደ 95 ዴሲቤል ነኝ ካለ አይመኑት።

ዝቅተኛ ሴንሲቲቪቲ ችግር የሚሆነው ከደካማ አምፕሊፋየር ጋር ሲጣመር ነው። ድምፁ አነሰ ብለው ቮልዩሙን ሲያከሩት አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ይሄድና የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ ወደ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው የስፒከሩ ትንሽ ክፍል) የሚሄደውን ኃይል ያበዛዋል፤ ፀጉር የሚያህለው የትዊተር ጥቅል ሽቦም ይቃጠላል። 100 ዋት ይችላል የተባለ ስፒከር በ20 ዋት አምፕሊፋየር የሚበላሸው እንዲህ ነው። ድምፁ ሻካራ ሲሆን ወዲያው መቀነስ ያስፈልጋል።

አምፕሊፋየሩ ላይም መታየት ያለበት አርኤምኤስ (RMS) የሚለው፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ዋት ነው። ፒኤምፒኦ (PMPO) ተብሎ በሺዎች የሚጻፈው የቅጽበት ዋት ለምርጫ አይረዳም። ጀርባው ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ፦ ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ 1000 ዋት ያለማቋረጥ ሊሰጥ አይችልም።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ ቮልዩሙን ሳይነኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ከዘለሉ፣ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለው ይጮኻል፤ ጆሮም የጮኸውን «ጥሩ» ይለዋል። ብዙ ሰው የተሳሳተ ስፒከር የሚገዛው እዚህ ጋ ነው። በስልክ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ፣ ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጠው፣ ሁለቱን እኩል ካደረጉ በኋላ ያዳምጡ።

ወረቀት የሌለው ያገለገለ ስፒከር ከሆነ ቢያንስ ኦሙን መገመት ይቻላል። ገመዱን ነቅለው ቴስተሩን ኦም ላይ ያድርጉት፤ 6 ወይም 7 ካሳየ በብዛት 8 ኦም፣ 3 ወይም 3.5 ካሳየ 4 ኦም ነው። ምንም ካላነበበ አንድ ቦታ ተበጥሷል።

አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ስፒከር ከሆነ ሴንሲቲቪቲ አይፈለግም፤ የሚታየው ከፍተኛው የድምፅ መጠን ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ግን የጀርባው ሰሌዳ «100–240 ቮልት» ማለት አለበት። 120 ቮልት ብቻ የሚለውን በቀጥታ ከ220 ሶኬት ጋር ማገናኘት ያቃጥለዋል። ሶኬት የሌለው ተራ ስፒከር ይህ ችግር የለበትም፤ ከየትም ቢመጣ ይሠራል።