ስለ ኤታኖልና ስለ እሽቅድምድም ሞተር የሚወራውና እውነታው

ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት አንድ ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት አላስታውስም፤ «ኢ85 ብሞላበት ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» ኢ85 ማለት እስከ 85 በመቶ ኤታኖል የሚባል አልኮል፣ የቀረው ቤንዚን የሆነ ነዳጅ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መኪናህን ካልነካኸው ምንም። ጠያቂው አያምነኝም፤ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየኛል። ስለ ነዳጁ የሚወራው ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ ልሂድበት።

«ኤታኖል ከቤንዚን የበለጠ ኃይል አለው»

የለውም። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ሲይዝ አንድ ሊትር ኤታኖል የሚይዘው 21 ገደማ ነው። ሲሶው ጎድሏል። ኢ85 የሚነዳ ሰው ማደያ የሚመላለሰውም ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ኤታኖል የሞላ ሞተር ይደክማል»

ይህን የሚሉኝ ደግሞ ትንሽ ያነበቡ ናቸው፤ ስሌቱን ከመሃል ይተዉታል። የሞተርን ጉልበት የሚወስነው ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ነው። ነዳጅማ የፈለግነውን ያህል መርጨት እንችላለን። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ አንድ ኪሎ ኤታኖል ግን 9 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ በዚያው አየር ብዙ ኤታኖል ማቃጠል ይቻላል። በአንድ ኪሎ አየር የሚገኘው ኃይል ሲሰላ ሁለቱም ወደ 3 ሜጋ ጁል ይጠጋሉ፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

«ነዳጁን ቀይር፣ መኪናህ ይበርራል»

የሚያሰለቸኝ ይሄኛው ነው። እኩል ከሆኑ እሽቅድምድም ላይ ያለው ልዩነት ከየት መጣ?

ማደያ ላይ የሚጻፈው የኦክቴን ቁጥር ለብዙዎች የኃይል መለኪያ ይመስላቸዋል። ኦክቴን የሚነግረን ነዳጁ ታምቆና ሞቆ ሳለ ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ እንዳይፈነዳ ያለውን ጽናት ነው። ከጊዜው በፊት ሲፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ብዙ ካንኳኳ ፒስተን ይሰብራል። ኤታኖል በዚህ ከተራ ቤንዚን በብዙ ይበልጣል። ሌላም ትልቅ ነገር አለው፤ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይስባል። በኪሎ ሲለካ ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ይስባል፤ በዚያ ላይ ለዚያው አየር የሚረጨው መጠን ብዙ ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ አራት እጥፍ ይደርሳል። የቀዘቀዘ አየር ጠበቅ ብሎ ይገባል፣ ሞተሩም ከማንኳኳት ይርቃል።

ያን ጊዜ የቱርቦውን (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ) ግፊት ከፍ ማድረግ፣ ካንዴላው የሚለኩስበትን ቅጽበት ማስቀደም፣ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ አየርና ነዳጁን የሚያምቅበትን መጠን፣ መጨመር ይቻላል። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ሥራ ነው። የስዊድኑ ኮኒግሴግ የሠራው ጄስኮ በቤንዚን 1,280፣ በኢ85 1,600 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ያው ሞተር ነው፣ ግን ለኢ85 ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ቱርቦ ያላት መኪናውን ኢ85 ሞልቶ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ በቀጥታ ወደ ውድድር ሜዳ ሄደ። ማስጠንቀቂያ መብራቱ በራ፤ መኪናዋም በቤንዚን ከምትሮጠው ቀርታ ተመለሰች። «ነዳጁ የማይረባ ነው» እያለ መጣ። ነዳጁ ምንም አልነበረበትም። ኢ85 በመጠን አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ መርጨት ይጠይቃል፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ቤንዚን ነው። የቻለውን ያህል ጨመረ፤ ከዚያ በላይ አቃተው፣ ሞተሩም ነዳጅ አጠረው። ሰፋ ያሉ ኢንጀክተሮች (ነዳጁን የሚረጩት አፍንጫዎች) እና ጠንካራ የነዳጅ ፓምፕ ገጠምንላት፤ ኮምፒውተሯንም እንደገና አስተካከልን። በዚያው ነዳጅ፣ ቤንዚን ላይ አይታው የማታውቀውን ሰዓት አስመዘገበች።

«ኤታኖል ሞተር ይበላል»

አዲስ አበባ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር ይህ ወሬ በየጋራዡ ነበር፤ እዚህም ይከተለኛል። የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ማድረቁና ውሃ መሳቡ እውነት ነው፤ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል የድሮ መሣሪያ) ያለው ያረጀ መኪና ይጠንቀቅ። «እኔ ኤታኖል አልነካም» የሚሉኝ ደንበኞቼ ግን አሜሪካ ውስጥ የሚቀዱት ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል እንዳለበት ይወቁት። አዲስ አበባ ላይ ያ ድብልቅ ጉልበት ሲጨምር ያልተሰማው ደግሞ አንድም አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ድሮም ብዙ አያንኳኳም፣ ተጨማሪ ኦክቴን የሚሠራበት ቦታ የለውም።

«የእውነተኛ ውድድር ነዳጅ ቤንዚን ነው»

ከአሜሪካ ትልልቅ የመኪና ውድድሮች አንዱ የሆነው ኢንዲካር በ2007 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ወደ ኤታኖል ገባ፤ ሌላው የአሜሪካ ውድድር ናስካር ከ2011 ጀምሮ 15 በመቶ ይቀላቅላል፤ ፎርሙላ ዋንም በ2022 10 በመቶ መቀላቀል ጀመረ።

«85 ከተባለ 85 ነው»

እዚህ አገር ማደያ ላይ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው እንደ ወቅቱ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኤታኖል ሊይዝ ይችላል። ብርድ ሲመጣ ሞተር እንዲነሳ ቤንዚኑን ያበዙታል። ለ80 በመቶ የተስተካከለ ሞተር 55 በመቶ ከሞሉበት የሚያንኳኳው ከፍተኛ ግፊት ላይ ነው፤ ሁለት ፒስተን የቀለጠ ሞተር የፈታሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለኩ። መስመር ያለው 100 ሚሊ ሊትር የመስታወት ቱቦ ግዙ። 50 ውሃ፣ 50 ነዳጅ ጨምራችሁ ክደኑትና በደንብ ናጡት፤ ከዚያ እስኪረጋ ጠብቁ። ኤታኖሉ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይቀራል። ሁለቱ ፈሳሾች የሚለያዩበት መስመር 85 ላይ ከቆመ ኤታኖሉ 35 ነው፤ ይህም ከ50ው ላይ 70 በመቶ መሆኑ ነው። ውድድር በሚኖርበት ቀን ሁሉ፣ ከለመዳችሁት ማደያም ብትቀዱ፣ ሳትለኩ አትውጡ። መኪናዋን ለወራት የምታቆሟት ከሆነ ደግሞ ኢ85ቱን ጨርሱና ለቤንዚን ወደተዘጋጀው ማስተካከያ መልሳችሁ፣ ቤንዚን ሞልታችሁ ትንሽ ካስነሳችኋት በኋላ አቁሟት።