የፆታ እኩልነት መጓደል ምንድን ነው? በሶሺዮሎጂ መነጽር

ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ዓርብ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቀን የአይስላንድ ሴቶች ሥራ አልገቡም። ቤት ውስጥም ምንም አልሠሩም። አላበሰሉም፣ ልጅ አልያዙም፣ ዕቃ አላጠቡም። ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ያህል ነበሩ እጃቸውን ያጠፉት። "አድማ" የሚለው ቃል ብዙዎችን እንዳያስደነግጥ "የሴቶች የዕረፍት ቀን" ብለው ሰየሙት። የዓሣ ፋብሪካዎች ቆሙ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ያልተዘጉትም ተንገዳገዱ። አባቶች ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ቢሮ ገቡ። ቶሎ የሚደርስና ልጆች የማይጠሉት ምግብ ቋሊማ ነውና፣ ቋሊማ ከየሱቁ አለቀ።

ስለ ሴትና ወንድ እኩልነት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ "ክፉ ወንድ" እና "ምስኪን ሴት" ይሄዳል። ያኔ ጭቅጭቅ ይጀመራል። "እኔ ሚስቴን አከብራለሁ" የሚል አይጠፋም፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። አይስላንድ ውስጥ በዚያ ዓርብ የታየው ግን የማንም ክፋት አይደለም። የታየው፣ ሁልጊዜ እየተሠራ ማንም ሥራ ብሎ ያልቆጠረው ሥራ ነው።

እንግዲህ ትርጉሙ ይህ ነው። የፆታ እኩልነት መጓደል ማለት ሰዎች ሴት ወይም ወንድ በመሆናቸው የተነሳ ገቢያቸው፣ ሥልጣናቸው፣ ጊዜያቸው፣ ደኅንነታቸውና የሚሰጣቸው ክብር ሲለያይ ነው። ማኅበረሰብን የሚያጠናው ሶሺዮሎጂ ደግሞ ልዩነቱ እየተደጋገመ ከትውልድ ወደ ትውልድ ለምን እንደሚተላለፍ ይጠይቃል። አንዲት ሴት የደመወዝ ጭማሪ ብትከለከል አለቃዋ ነገረኛ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የሚሊዮኖች ደመወዝ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ግን የአንድ አለቃ ፀባይ አይበቃንም። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ሲ. ራይት ሚልስ በ1959 ይህን በሥራ አጥነት አስረድቶታል። 100,000 ሕዝብ ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ፣ የሰውየውን ችሎታና ፀባይ እንመረምራለን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ቢያጡስ? ያኔ መመርመር ያለበት አገሩ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። ፆታ ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው አካል ነው። ሥርዓተ ፆታ ደግሞ ማኅበረሰቡ በዚያ አካል ላይ የሚደርበው ነገር ነው፤ "ለሴት ይሄ ይገባል፣ ለወንድ ያ ያምርበታል" የሚባለው። ልዩነቱ በሶሺዮሎጂ ውስጥ እንዲለመድ ካደረጉት አንዷ እንግሊዛዊቷ አን ኦክሊ ናት፣ በ1972። የአማርኛው ስያሜ የተዋጣለት ይመስለኛል፤ "ሥርዓት" የሚለውን ከፊት አስቀምጦታል። መውለድ የፆታ ጉዳይ ነው። ዳይፐር መቀየር የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ ነው። ዳይፐር ለመቀየር ማሕፀን አያስፈልግም።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ገና አፍ ሳንፈታ ነው። በ1978 ካሮላይን ስሚዝና ባርባራ ሎይድ የተባሉ ተመራማሪዎች እናቶችን ከማያውቋቸው የስድስት ወር ሕፃናት ጋር አጫወቷቸው። ሕፃኑ አንዳንዴ በራሱ ፆታ፣ አንዳንዴ በተቃራኒው ስምና ልብስ ይቀርባል። ወንድ ነው ከተባለ መዶሻ የሚመስል መጫወቻ ይሰጠዋል፣ እንዲፈራገጥም ያበረታቱታል። ሴት ናት ከተባለች አሻንጉሊት ይቀርብላታል፣ እሹሩሩ ትባላለች። ሕፃኑ ያው ሕፃን ነው። እናቶቹም ለማዳላት ብለው አልመጡም።

ካደግን በኋላም አይቆምም። ሶሺዮሎጂስቶቹ ካንዳስ ዌስትና ዶን ዚመርማን በ1987 ሥርዓተ ፆታ በየቀኑ የምንሠራው ነገር ነው ብለው ጻፉ። አቀማመጣችን፣ አሳሳቃችን፣ ስብሰባ ላይ ማስታወሻ የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ከመስመር የወጣ ሰው ወዲያው ዓይን ይገባል። ደፈር ብላ የተናገረች ሴት "ኃይለኛ" ትባላለች፤ ያለቀሰ ወንድ "ምን ነካው?" ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህን ሥርዓት የሚጠብቁት ወንዶች ብቻ አይደሉም። እናቶችና እህቶችም ጎበዝ ዘበኞች ናቸው።

"እሺ፣ ይለያዩ፤ መለያየት በራሱ ምን ችግር አለው?" የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በ1950ዎቹ ስመ ጥር የነበረው አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት ታልኮት ፓርሰንስም ወደዚያው ያዘነብል ነበር፤ ወንዱ ከውጭ እንጀራ ያመጣል፣ ሴቷ የቤቱን ስሜት ትይዛለች፣ ቤተሰቡ ይረጋጋል። አሰላለፉን በደንብ አይቶታል። የዘለለው ጥያቄ ግን አለ፤ ሁለቱ ቦታዎች እኩል ይከፈላቸዋል ወይ?

መልሱን ከኮምፒውተር ታሪክ ማየት ይቻላል። ኢኒያክ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ኮምፒውተር በ1946 ለሕዝብ ሲታይ፣ ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። የዚያን ጊዜ ትልቁ ነገር ማሽኑን መገንባት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ፕሮግራም ማድረግ እንደ ጸሐፊ ሥራ ይታይ ስለነበር ለሴቶች ተተወ። በምረቃው ማታ በተደረገው እራት ላይ እንኳ አልተጠሩም። በኋላ ሥራው ከባድና ወሳኝ መሆኑ ሲገባቸው ወንዶች ጎረፉበት፣ ክፍያውና ክብሩም ጨመረ። ተቃራኒውም ይሆናል። በ2009 የወጣ ጥናት ከ1950 እስከ 2000 ያለውን የአሜሪካ ቆጠራ ተመልክቶ፣ ሴቶች በብዛት በገቡበት ሙያ ክፍያው ወደ ታች እንደሚወርድ አሳይቷል። ሙያው ያው ሙያ፣ ሰው ሲለወጥ ዋጋው ተለወጠ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ዋጋ ያልወጣለት ሥራ አለ። ኦክሊ የለንደን የቤት እመቤቶችን አነጋግራ ውጤቱን በ1974 አወጣችው። አርባ ሴቶች ነበሩ። በሳምንት በአማካይ 77 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ደረጃ ሴቶች ያለ ክፍያ ቤትና ሰው በመንከባከብ በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያጠፋሉ፤ ወንዶች 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። ሴቷ ደመወዝተኛ ስትሆንም ይህ ቤት ይጠብቃታል። አሜሪካዊቷ ሶሺዮሎጂስት አርሊ ሆችሽልድ በ1989 ለዚህ "ሁለተኛው ፈረቃ" የሚል ስም ሰጠችው።

የሁለተኛው ፈረቃ ዕዳ የሚከፈለው በመጀመሪያው ፈረቃ ነው። በዴንማርክ ሴቶች የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ገቢያቸው ከወንዶች አንፃር በረጅም ጊዜ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የአባቶቹ ገቢ ምንም አይሆንም። አሜሪካ ውስጥም በ2007 የታተመ ሙከራ አለ። ችሎታቸው እኩል የሆነ የሥራ ማመልከቻዎች ተዘጋጁ፤ ልዩነታቸው አንደኛዋ እናት መሆኗ መጠቀሱ ብቻ ነው። ለእናቲቱ የታሰበው መነሻ ደመወዝ በዓመት 11,000 ዶላር ያህል አነሰ። አባት መሆኑ የተጠቀሰው ወንድ አንድም አልተቀነሰበትም።

የነገሩ መነሻ የት ነው ሲባል ተመራማሪዎቹ ይለያያሉ። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1884 ጥፋቱን በግል ንብረትና በውርስ ላይ ጣለ። ሲልቪያ ዋልቢ በ1990 የወንዶች የበላይነት በስድስት ምሰሶዎች ላይ እንደቆመ ጻፈች፤ የደመወዝ ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ ባህል፣ ወሲብ፣ ጥቃትና መንግሥት። የዋልቢ ይሻለኛል። አንዱ ምሰሶ ሲነቃነቅ ቤቱ ለምን እንደማይወድቅ ያስረዳል።

ሴቶች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ኑሮ የላቸውም። በ1970ዎቹ አምስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አይቀጥርም ነበር። ኋላ ቀጠራቸው። የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ "መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ" ተባለ፣ እነሱም ወጡ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ኩባንያው ሴት ይቀጥራል፣ ስለዚህ የፆታ አድልዎ የለም። ኩባንያው ይቀጥራቸው የነበሩት ሴቶች ግን ነጮች ነበሩ። የዘሩን ጥያቄ ደግሞ በሌላ መዝገብ ከጥቁር ወንዶች ጋር አቅርቡ ተባሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አንስቶ መክሰስ አልተፈቀደም። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ይህን ፍርድ አንስታ፣ ሁለት መንገድ በሚገናኝበት መስቀለኛ ላይ የቆመን ሰው ከሁለቱም በኩል መኪና ሊገጨው ይችላል አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ፆታ የሚያጠና ሰው ዘሯን፣ ገቢዋንና የመጣችበትን ቦታ ሳይጠይቅ "ሴት" ብሎ ማለፍ ከብዶታል።

ወደ አይስላንድ ልመለስ። ከዚያ ዓርብ በኋላ በ1976 የእኩልነት ሕግ ወጣ። በ1980 ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ፕሬዝዳንት ሆና ተመረጠች፤ በዓለም በሕዝብ ድምፅ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ ብሔር ናት። ከ2009 ጀምሮ አገሪቱ በዓለም ኢኮኖሚ ፎረም የፆታ ልዩነት ዝርዝር ላይ በአንደኝነት ተቀምጣለች። ኦክቶበር 24 ቀን 2023 የአይስላንድ ሴቶች በደመወዝ ልዩነትና በፆታ ጥቃት የተነሳ እንደገና ሥራ አቆሙ። የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ካትሪን ያኮብስዶቲርም በዚያ ቀን ቢሮ አልገባችም።