ሁለት ጊዜ የተቀረጸው አልበም፦ የፉጋዚ «ኢን ኦን ዘ ኪል ቴከር»

«ኢን ኦን ዘ ኪል ቴከር» የዋሽንግተን ዲሲው ባንድ ፉጋዚ በ1993 ያወጣው አልበም ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 12 ዘፈኖች አሉት፤ ርዝመቱ 42 ደቂቃ ገደማ ነው። ፖስት-ሃርድኮር ስለሚባለው የሮክ ዘርፍ ወሬ በተነሳ ቁጥር ስሙ አይቀርም። እኔን የሚገርመኝ ግን አሠራሩ ነው። አራቱ ልጆች አልበሙን አንድ ጊዜ ሙሉውን ቀርጸው ጨረሱ። ሰሙት፣ አልጣማቸውም፣ ተዉት። ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስቱዲዮ ገብተው እንደ አዲስ ቀረጹት። ትልቅ ኩባንያ ጋ የተፈራረመ ባንድ እንዲህ ቢያደርግ ወጪው ዕዳ ሆኖ ይመዘገብበት ነበር። እነሱ ግን የሚጠይቃቸው አለቃ አልነበረም።

ከየት እንደመጡ በአጭሩ እንይ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን የሃርድኮር ፓንክ ከተማ ነበረች። ሃርድኮር ፈጣን ነው፣ አጭር ነው፣ ጩኸት ነው። ሁለት ደቂቃ የሞላ ዘፈን ረጅም ይባላል። ከባንዶቹ ስሙ የገነነው ማይነር ትሬት ነበር፣ ዘፋኙ ደግሞ ኢየን ማካይ። ማካይ ከጓደኛው ከጄፍ ኔልሰን ጋር በ1980 ዲስኮርድ ሪከርድስ የሚባለውን ሙዚቃ አሳታሚ አቋቋመ። ያኔ ሁለቱም ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ። የያዙት ዕቅድም ቀላል ነው፤ ከማይነር ትሬት በፊት የነበራቸውን ባንድ የቲን አይድልስን ሸክላ ማሳተም። ባንዱ ከፈረሰ በኋላም አሳታሚው ቀጠለ፤ የጓደኞቻቸውን፣ ከዚያም የታናናሾቻቸውን ሥራ ያወጣ ጀመር።

ፍጥነት ብቻውን ደግሞ ይሰለቻል። በ1985 አካባቢ የዚያው ከተማ ልጆች የሃርድኮርን ግለት ሳይለቁ ዜማና ዝግታ፣ የግል ስሜትም ይጨምሩበት ጀመር። ከነዚህ አንዱ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ነው። ጊ ፒቺዮቶ ይዘፍናል፣ ብሬንዳን ካንቲ ድራም ይመታል። ፖስት-ሃርድኮር የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ጉልበቱ ያው ሆኖ ቅርጹ የተፈታ ሙዚቃ። መሀል ላይ ፀጥ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይገነባል፣ ድንገት ይፈነዳል።

ማካይ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከቤዝ ተጫዋቹ ከጆ ላሊ ጋር አዲስ ነገር ሲሞክር የስቱጅስን ሻካራ ሮክ ከሬጌ ጋር ማጋባት ነበር ያማረው። የፉጋዚን ማንኛውንም ዘፈን ከፍታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉት፤ ሬጌው እዚያ ነው ያለው። ካንቲ በድራም ሆኖ ሦስት ሆኑና በሴፕቴምበር 3 ቀን 1987 ዊልሰን ሴንተር በሚባል አዳራሽ የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። ፒቺዮቶ ትንሽ ቆይቶ ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲያ የባንዱ አባል አልተለወጠም።

የፉጋዚን ደንቦች ሳያውቁ የአልበሙን ታሪክ መረዳት ይከብዳል። የኮንሰርት መግቢያ በተቻለ መጠን 5 ዶላር ነበር፤ ዕድሜው ያልደረሰ ተብሎ የሚመለስ ልጅ አልነበረም። ቲሸርት አይሸጡም ነበር። ሰው ቢቸግረው «ይህ የፉጋዚ ቲሸርት አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸሚዝ አሳትሞ ይሸጥ ነበር። ለቴሌቪዥን የሚሆን የሙዚቃ ቪዲዮ አይሠሩም ነበር። የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ ለሚያወጡ መጽሔቶች ቃለ መጠይቅ አይሰጡም ነበር። ከዲስኮርድ ጋር የተፈራረሙት ወረቀት እንኳ አልነበረም፤ በቃል ብቻ ነበር። መድረክ ላይ ሆነው ሰው የሚመታ፣ የሚገፈትር ተመልካች ካዩ ዘፈኑን ያቆሙ ነበር። አልሰማ ካለ 5 ዶላሩን በፖስታ አድርገው ይሰጡትና በበሩ ያስወጡት ነበር። ፖስታዎቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ነበር የሚመጡት። ይህን ሳነብ ሁሌ ያስቀኛል። ረባሽ እንደሚመጣ ያውቃሉ ማለት ነው፤ ግን ገንዘቡን በልተው አያባርሩትም።

ወደ ቀረጻው እንምጣ። የመጀመሪያ ሥራቸውንና የ1990ውን «ሪፒተር» በፕሮዲዩሰርነት የመራላቸው ቴድ ናይስሊ ነበር። በ1991 «ስቴዲ ዳየት ኦፍ ነቲንግ» ሲደርስ ናይስሊ የምግብ አብሳይነት ትምህርት ጀምሮ ስለነበር አልተገኘም። ራሳቸው ሠሩት። አልበሙ መጥፎ አይደለም፤ ድምፁ ግን ደረቅና ጠፍጣፋ ወጣ፣ እነሱም ብዙ አልረኩበትም። እንግዲህ በ1992 አዲስ ዘፈን ሲጠራቀም ጥያቄው ከማን ጋር ይሠራ የሚል ሆነ።

ቺካጎ ውስጥ ስቲቭ አልቢኒ ነበር። ቢግ ብላክ የሚባለው ባንድ መሪ የነበረ፣ ኋላ በቀረጻ ሥራው የበለጠ የታወቀ ሰው ነው። ፕሮዲዩሰር ተብሎ መጠራት አይወድም ነበር፤ ሳውንድ ኢንጂነር ነኝ ይል ነበር። ከአልበም ሽያጭ ድርሻ አይወስድም ነበር፤ የቀረጻ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። አሠራሩ ማይክሮፎኑን በሚገባ ቦታው ተክሎ ባንዱ ክፍል ውስጥ እንደሚጫወተው አድርጎ መያዝ ነበር። ይህን ሰው ከፉጋዚ ጋር በአስተሳሰብ የሚያጣላው ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ቺካጎ ነዱ፣ ቤቱ ውስጥ ባለው ስቱዲዮ ገቡ። ሲሄዱ የታሰበው ጥቂት ዘፈን ሞክሮ መመለስ ነበር። ጨዋታው ደራና ሙሉ አልበም ቀርጸው ወጡ።

ችግሩ የመጣው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ቴፑን ደግመው ሲሰሙት የስቱዲዮው ደስታ ውስጡ የለም። ማካይ በኋላ እንደተናገረው ቆይታው በጣም አስደሳች ነበር፤ ምግቡ፣ ቀልዱ፣ ሁሉም ነገር። የተቀረጸው ግን እነሱ የሚያውቁት ዘፈን አልሆነም። አልቢኒም ተመሳሳይ ነገር ተሰምቶት ስለነበር ይህንኑ በፋክስ ጻፈላቸው። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ወዳጅነቱም አልተበላሸም። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ከመግባባት ብዛት የመጣ ነው። ክፍሉ ውስጥ «ይሄ አልሆነም፣ ድገሙት» የሚል ሰው አልነበረም። አልቢኒ በሰው ሙዚቃ ጣልቃ አይገባም፤ እነሱም እንግዶች ናቸው።

ያ ቀረጻ ግን አልጠፋም። ከእጅ ወደ እጅ በኮፒ ሲዘዋወር ኖረ፤ ወዳጆቹም እስከ ዛሬ ከታተመው ጋር እያነጻጸሩ ይከራከሩበታል። የቺካጎው ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም።

ሁለተኛው ቀረጻ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነበር፤ ኢነር ኢር በሚባለው ስቱዲዮ። ባለቤቱ ዶን ዚንታራ ስቱዲዮውን የጀመረው በቤቱ ምድር ቤት ነው። የዲሲ ፓንክ ታሪክ ግማሹ እዚያ ተቀርጿል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1979 የባድ ብሬይንስን የመጀመሪያ ቅጂዎች የቀረጸውም እሱ ነው። ባድ ብሬይንስ ኋላ ራስተፈሪያን የሆኑ ጥቁር የዲሲ ልጆች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ስምና ባንዲራ በአሜሪካ ፓንክ ውስጥ መታየት የጀመረው በነሱ በኩል ነው። ፉጋዚ ሲመጡ ስቱዲዮው ከምድር ቤቱ ወጥቶ ሳውዝ ኦክላንድ ጎዳና ላይ ራሱን የቻለ ቤት ይዞ ነበር።

ናይስሊም ተመለሰ። ናይስሊ የአልቢኒ ተቃራኒ ነው። ምት ስታመልጥ ይሰማል፣ ያስቆማል፣ ያስደግማል። ጊታሩ ከቤዙ ትንሽ ቢቀድም አያልፍም። ዘፈኑ የት ላይ እንደሚረዝም፣ የት ላይ እንደሚላላ ይነግራቸዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው አብሮ ሲሠራ ያሰለቻል፤ ውጤቱ ግን ይሰማል። አልበሙ ከቀደሙት ሁሉ ይልቅ የሚናከስ ድምፅ አለው። ጊታሮቹ ጠርዝ አላቸው። ድራሙ ቅርብ ነው።

የመጀመሪያውን ዘፈን «ፋሴት ስኩዌርድ»ን ውሰዱ። ሲጀምር ምንም የሚሰማ አይመስልም፤ ሰው ድምፅ ይጨምራል። ቀስ እያለ የጊታር ጉርምርምታ ይመጣል፤ ከዚያ በአንዴ ይገባሉ፣ ድምፁን የጨመረው ሰው ይደነግጣል። የማካይ ግጥም ስለ ብሔራዊ ኩራትና ስለ ባንዲራ ነው። «ስሞልፖክስ ቻምፒየን» ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በፈንጣጣ የተበከለ ብርድ ልብስ ስለመሰጠቱ ይናገራል። «23 ቢትስ ኦፍ» ከስድስት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ሁለተኛው አጋማሹ ጊታሩን ወደ ማጉያው ሲያስጠጉት የሚወጣው ፉጨትና ጩኸት ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ አልፈርድበትም። ቀጥሎ ደግሞ ቃል የሌለው፣ የተረጋጋ «ስዊት ኤንድ ሎው» ይመጣል፤ ያ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ማሰናጃ እንደነበር ያኔ ይገባል።

ፒቺዮቶ ሲኒማ ይወዳል። «ካሳቬቲስ» ለፊልም ሠሪው ለጆን ካሳቬቲስ የተሰጠ ዘፈን ነው፤ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ በራሱ ገንዘብ ፊልም ይሠራ ለነበረ ሰው። የማንን ነገር እያነሱ እንደሆነ ግልጽ ነው። «ኢንስትሩመንት» የሚለው ዘፈን ደግሞ ጄም ኮኸን ስለ ባንዱ ሠርቶ በ1999 ላወጣው ዘጋቢ ፊልም ስሙን አውሷል።

አልበሙ በጁን 1993 በዲስኮርድ መለያ ቁጥር 70 ሆኖ ወጣ፤ በሸክላ፣ በካሴትና በሲዲ። ሽፋኑ ላይ ወርቃማ ቀለም የተቀባ የዋሽንግተን ሐውልት አለ። ማሳተሙንና ማከፋፈሉን ዲስኮርድ በዚያን ዘመን የሚያከናውነው ለንደን ካለው የጆን ሎደር ኩባንያ ከሳውዘርን ጋር ሆኖ ነበር። ዲስኮርድ ሸክላ ቤቶች እንዳያስወድዱበት ዋጋውን ሽፋኑ ላይ ወይም ማስታወቂያው ላይ ይጽፍ እንደነበር መጥቀስ ይገባል። ገዢው እያየው አንድ ነጋዴ እንዴት ይጨምራል?

ጊዜው ደግሞ ልዩ ነበር። በ1991 የኒርቫና «ነቨርማይንድ» ከወጣ ወዲህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጊታር የያዘ ልጅ ሁሉ ያሳድዱ ነበር። ኒርቫና ራሳቸው ቀጣዩን አልበማቸውን በፌብሩዋሪ 1993 የቀረጹት ከዚያው ከአልቢኒ ጋር ነው። ከዲስኮርድ ባንዶችም ጆውቦክስ ወደ አትላንቲክ፣ ሸደር ቱ ቲንክ ወደ ኤፒክ ሄዱ። ሁለቱም ለትልቁ ኩባንያ የሠሩትን የመጀመሪያ አልበም የመራው ናይስሊ መሆኑ ያስገርማል። ፉጋዚ ግን ንቅንቅ አላሉም። ያለ ቪዲዮ፣ ያለ ትልቅ ማስታወቂያ አልበሙ የአሜሪካን የአልበም ሽያጭ ደረጃ፣ የቢልቦርድን የ200 ዝርዝር፣ በ153ኛነት ገባ። ለባንዱ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ፣ ሮዝላንድ አዳራሽ ሲጫወቱ የአትላንቲክ መሥራች አህመት ኤርተጉን መልበሻ ክፍላቸው ድረስ መጣ። ኤርተጉን በዋሽንግተን የቱርክ አምባሳደር ልጅ ስለነበር ያደገው በነሱው ከተማ ነው። የፈለጋችሁትን ጠይቁ አላቸው። የራሳችሁን አሳታሚ እሰጣችኋለሁ፣ ሚሊዮኖችም አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ያቀረብኩት ለሮሊንግ ስቶንስ ነው አለ። አመስግነው እምቢ አሉ። የራሳቸው አሳታሚ ነበራቸዋ!

ከዚያ በኋላ ሦስት አልበሞች ተከተሉ፤ በ1995 «ሬድ ሜዲሲን»፣ በ1998 «ኤንድ ሂትስ»፣ በ2001 «ዘ አርጊውመንት»። በኖቬምበር 2002 ለንደን ውስጥ የመጨረሻ ኮንሰርቶቻቸውን አቅርበው ላልተወሰነ ጊዜ አረፉ። ተለያየን ግን አላሉም። ላሊና ካንቲ ኋላ ከጊታሪስቱ አንቶኒ ፒሮግ ጋር ዘ መስቴቲክስን መሠረቱ። ኢነር ኢር የነበረበትን ቦታ የአርሊንግተን አስተዳደር ስለገዛው ስቱዲዮው በ2021 ከዚያ ቤት ለቀቀ። አልቢኒ በሜይ 2024 አረፈ።

ዲሲ ለሚኖር አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ሙዚቃ ዋና መድረክ የነበረው ናይን ሰርቲ ክለብ ከ1996 ጀምሮ ያለው ቪ ጎዳና ላይ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዘጠነኛው ጎዳና እዚያው አጠገብ። ክትፎ በልቶ ሲወጣ ረጅም ወረፋ አይቶ «ምንድን ነው እሱ?» ያለ ሰው ብዙ ነው።

መስማት ለሚፈልግ ደግሞ ከመጀመሪያው ዘፈን አይጀምር። መጀመሪያ «ግሬት ኮፕ»ን ይስማ፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ የድሮው ሃርድኮር ምን እንደነበር ያሳያል። ቀጥሎ የመጨረሻውን «ላስት ቻንስ ፎር ኤ ስሎው ዳንስ»ን ይስማ፤ ያ ሃርድኮር ወዴት እንደሄደ እዚያ አለ። ከወደደው ከ2011 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በተከፈተው የባንዱ የኮንሰርት ማኅደር ውስጥ ከ800 በላይ ቀረጻዎች ተደርድረዋል። ለአንዱ የሚጠየቀው ዋጋም 5 ዶላር ነው።