ኬሚካዊ እኩልታ፦ መጻፍና ማመጣጠን፣ ከደሴ ከሰል ማንደጃ ጀምሮ

ደሴ ብርዳም ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ በር ይዘጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይፈላል። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ማንደጃው ላይ የሚቀረው እፍኝ አመድ ነው። ያ ሁሉ ከሰል የት ገባ? ኬሚካዊ እኩልታ መልሱን በአንድ መስመር ይጽፈዋል።

በግራ አፀግባሪዎቹ (የሚዋሃዱት ነገሮች)፣ በቀኝ ውጤቶቹ፣ መሃል ላይ ቀስት፦

ካርቦን + ኦክስጅን → ካርቦን ዳይኦክሳይድ

12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ 44 ግራም ጋዝ ይሆናል። ከሰሉ አልጠፋም፤ ኦክስጅን ጨምሮ፣ ከበፊቱ ከብዶ ወደ አየር ወጣ። በአፀግብሮት (በኬሚካዊ ለውጥ) ቁስ እንደማይፈጠርና እንደማይጠፋ በሚዛን ያሳየው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዚዬ ነው፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል።

ማመጣጠን ማለት ይህንኑ ሕግ ማክበር ነው። በግራ ያለው አቶም ሁሉ በቀኝም በቁጥሩ መገኘት አለበት። በአማርኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና «ባላንስ አድርግ» ይባላል። ቃሉ ተቀየረ እንጂ ቆጠራው ያው ነው።

የቤታችንን ቆርቆሮ እንውሰድ። የዚንክ ልባሱ ሲያልቅ ብረቱ በእርጥበት ይዝጋል። ውሃውን ለጊዜው ትተን ዝገቱን የብረት ኦክሳይድ እንበለው። አንዱ የብረት ኦክሳይድ 2 ብረትና 3 ኦክስጅን ይይዛል። የአየር ኦክስጅን ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው። 3 እና 2 የሚገናኙት 6 ላይ ነው። ስለዚህ 3 ጥንድ ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ 2 የብረት ኦክሳይድ ይወጣል፣ ብረቱም 4 ይሆናል፦

4 ብረት + 3 ጥንድ ኦክስጅን → 2 የብረት ኦክሳይድ

ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ቁጥር የሚጨመረው ከቀመሩ ፊት ብቻ ነው፤ የግርጌው ቁጥር (በውሃ ቀመር በH₂O ውስጥ ያለው ትንሹ 2) አይነካም። ውሃ ላይ አንድ ኦክስጅን ብትጨምር ውሃ መሆኑ ቀርቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። እሱ ደግሞ ቁስል ማጠቢያ እንጂ የሚጠጣ አይደለም።

የፊቱ ቁጥር ዝም ብሎ የፈተና ነገር አይደለም። በተዘጋ ቤት ኦክስጅን ሲያንስ የከሰሉ እኩልታ ራሱ ይለወጣል፦

2 ካርቦን + 1 ጥንድ ኦክስጅን → 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ

ሰው «ከሰል አፈነው» የሚባለው በዚህ ጋዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ማንደጃው ላይ የምትንቀለቀለው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው፦

2 ካርቦን ሞኖክሳይድ + 1 ጥንድ ኦክስጅን → 2 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ፍሙ ቀልቶ ነበልባሉ ሲጠፋ ግን ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ብዙዎቻችን «አሁንስ ጭሱ አልቋል» ብለን ማንደጃውን አስገብተን በሩን የምንዘጋው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።