በሶቪየት ጥይት ሣጥን ላይ ያሉት ሁለት ዓመቶች

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሶቪየት የጥይት ሣጥን ላይ ሁለት ዓመት ተጽፎ ታያላችሁ። ታዲያ የጥይቱ የቱ ነው?

በምሳሌ እንየው። አንዱ መስመር ላይ ከፊደል ቀጥሎ 01-85-17 ይላል እንበል። 01 የምርት ዙሩ ነው፣ 85 ጥይቱ የተሠራበት 1985 እ.ኤ.አ.፣ 17 ደግሞ የፋብሪካው ቁጥር፣ ማለትም የሩሲያዋ ከተማ ባርናውል። 188 ቢሆን ኖቮሲቢርስክ ነበር። ሌላኛው መስመር ላይ ያለው 12/84 ግን የባሩዱ ነው። ባሩዱ ቀድሞ ስለሚሠራ ዓመቱ ቢቀድም አይግረማችሁ።

«ዚንክ» የሚለው ስምም ያደናግራል። በእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ያለው እሽግ ቆርቆሮ ድሮ የምር ከዚንክ ነበር የሚሠራው፤ በኋላ ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ከዚያ ቀለም የተቀባ ብረት ሆነ፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። እንደ ሰርዲን ጥርቅም ያለ ስለሆነ በእጅ አይከፈትም፣ መክፈቻው ከሣጥኑ ጋር ይመጣል።

ቁጥሩንም እዩ። የረጅሙ 7.62 በ54 ሚሊሜትር ጥይት በአንድ ቆርቆሮ 440 ነው፣ በሣጥን 880። የክላሹ አጭር ጥይት ግን በሣጥን ብዙ ጊዜ 1320 ይላል።